ሀሁ በዜማ፣ ቁጥር በቃል፤ ስለ አጸደ ሕፃናት የንባብና የሒሳብ ትምህርት የቀረበ ሒስ

በከተሞቻችን ካሉት አጸደ ሕፃናት ባንዱ ደጃፍ ጠዋት የሚያልፍ ሰው ሁለት ዜማ መስማቱ አይቀርም። አንደኛው «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ከአንድ ተነሥቶ እስከ መቶ የሚዘልቀው ቁጥር ነው። ወላጅም ልጁ ማታ ቤት ገብቶ ይህንኑ ሲደግምለት «ልጄ ማንበብ ጀመረ፣ መቍጠርም ዐወቀ» ብሎ ይደሰታል፤ የከፈለው ገንዘብ ከንቱ እንዳልቀረም ያምናል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም፦ ይህ ሕፃን በእውነት ማንበብ ጀምሯልን? መቍጠርስ ዐውቋልን? የሚል ነው።

መልሳችንን አስቀድመን እንናገራለን። ተራን በቃል መያዝ ለንባብም ሆነ ለሒሳብ ጠቃሚ መነሻ ነው፤ ነገር ግን በዚያው የቀረ ልጅ አንባቢም ቈጣሪም አልሆነም። የጥንት የፊደል መምህራን ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁ ስለ ነበር መፍትሔውን በገበታ ላይ ጽፈው አስቀምጠውልናል። የዛሬው አጸደ ሕፃናት ግን ከእነርሱ ዜማውን ተቀብሎ መፍትሔውን ጥሎታል። ይህ ጥፋት ትንሽ መስሎ የሚታየው ልጁ ገና አምስት ዓመቱ ስለ ሆነ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ግን ትንሽ አይሆንም።

፩፤ ስለ ፊደል ገበታ

የፊደል ገበታ እንደ ማንኛውም የድርሰት ሥራ ሊመረመርና ሊተች የሚገባው ነገር ነው። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያሳተሙትን ገበታ የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ ጥቂት ነው። ገበታው 33 ፊደላትን ወደ ታች፣ 7 ድምፆችን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ሲባዛ 231 ይሆናል። እነ ቋ፣ ኳና ጓ የመሳሰሉት ዲቃላ ፊደላት ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው።

በመጀመሪያ ምስጋናውን እንስጥ። ገበታው ትልቅ ጥበብ አለበት። «ለ»ን የተማረ ልጅ ካዕቡ «ሉ» ከቀኝ ጎኑ መካከል ጭረት እንደሚወጣለት፣ ሣልሱ «ሊ» ጭረቱን ከግርጌው እንደሚይዝ፣ ኀምሱ «ሌ» በዚያው ስፍራ ቀለበት እንደሚያደርግ ካስተዋለ፣ «በ»ን ባየ ጊዜ «ቡ»ን፣ «ቢ»ንና «ቤ»ን ማንም ሳይነግረው ሊያውቃቸው ይችላል። ይህ ሕግ በብዙዎቹ ፊደላት ላይ ስለሚሠራ ሸክሙን በጣም ያቀልለታል። ሳድስና ሳብዕ ግን ለዚህ ሕግ አይገዙም። «ል»ን ያወቀ ልጅ በዚያ ብቻ ተመርቶ «ብ»ን ወይም «ም»ን ሊያውቅ አይችልም፤ እያንዳንዱን ለብቻው መያዝ አለበት። ስለዚህ የመምህሩ ዋና ድካም ሊውልበት የሚገባው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነበረ። ዜማው ግን ለሰባቱም እኩል ጊዜ ይሰጣል፤ ቀላሉንና ከባዱን ለይቶ አያውቅም።

ገበታው የዜማ መጽሐፍ ብቻ ሲሆን የሚታዩበት ጉድለቶች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ዜማው መልክን ይሸፍናል። ድምፁ ድምፁን እየሳበ ስለሚሄድ ልጁ ዐይኑን ጨፍኖ እንኳ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ሌ»ን ብቻ ነጥለው ቢያሳዩት ወደ «ለ» ተመልሶ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ!» ብሎ በመሰላል ወጥቶ ይደርስበታል። አንድ ቃል ለማንበብ ሦስትና አራት ጊዜ መሰላል የሚወጣ ልጅ የመጨረሻው ፊደል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል። ፊደሉን ሁሉ ያውቃል፤ ቃሉን ግን አላነበበም።

ሁለተኛ፣ የገበታው የመጀመሪያ መስመር ሕጉን ከሚያፈርሱት መስመሮች አንዱ ነው። በአማርኛ አነጋገር «ሀ»ና «ሃ» አንድ ድምፅ ናቸው፤ ግዕዙና ራብዑ አይለዩም። ልጁ ትምህርቱን የሚጀምረው እንግዲህ ከልዩ ሁኔታው ነው፤ ሕጉን የሚያገኘው ወደ «ለ» ሲወርድ ነው። ጥቂት ቆይቶም ያንኑ ድምፅ በ«ሐ»፣ ኋላም በ«ኀ» መልክ ያገኘዋል። የእነዚህ ፊደላት ታሪክና ክብር የታወቀ ነው፤ ከገበታውም ይውጡ አንልም። ነገር ግን ለአምስት ዓመት ልጅ አንድን ድምፅ በሦስት መልክ በአንድ ወር ማስተማር ምን ጥቅም አለው? «ሐመር»ንና «ኀይል»ን የሚጽፍበት ጊዜ ሲመጣ ቢማረው አይዘገይም።

ሦስተኛ፣ ተራውን እስከ መጨረሻው ሳይዘልቅ ቃል አይሰጠውም። ይህ ከሁሉ የሚያሳዝን ነው። «ለ»፣ «መ»፣ «ረ»፣ «ሰ»፣ «በ»፣ «ተ» እና «ነ» የተባሉትን ሰባት መስመሮች ብቻ ያወቀ ልጅ ላም፣ በር፣ ሳር፣ ማር፣ ቤት፣ ሎሚ፣ ሱሪ፣ ተራራ፣ ሰላም የሚሉትን ሁሉ ሊያነብ ይችላል። «በሬ ሳር በላ» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገርም ያነባል። ከ231ዱ 49ኙን ብቻ ይዞ አንባቢ ሆነ ማለት ነው። ይህን ደስታ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚከለክለው ሥርዐት ከተራው አክብሮት በቀር ሌላ ምክንያት የለውም።

አራተኛ፣ ገበታው ሊናገር የማይችለው ነገር አለ። «ዋና» ብለን ስንጽፍ በውሃ ላይ መዋኘትን ወይም የበላይ የሆነውን ማለታችን እንደ ሆነ የሚታወቀው «ና»ን በማጥበቅና በማላላት ነው፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። «ገና» እና «አለ»ም እንዲሁ ናቸው። ሳድስም አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። ይህን ልጁ የሚያገኘው ከሚያውቀው ቃልና ከነገሩ ስሜት ነው እንጂ ከገበታ አይደለም። ስለዚህ ትርጕም ከንባብ በኋላ የሚጨመር ቅመም አይደለም፤ ያለ እርሱ አማርኛን አስተካክሎ ማንበብ ከቶ አይቻልም።

፪፤ የጥንቱ መምህር ምን ያውቅ ነበር?

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ «ይህ ከጥንት የመጣ የቄስ ትምህርት ቤት ልማድ ነው፤ አባቶቻችን በዚሁ ተምረውበታል» ይላል። እኛ ግን አባቶቻችን በዚህ አልተማሩም እንላለን።

በቄስ ትምህርት ቤት የ«ሀሁ» ገበታ መጀመሪያ ነው፤ ብቻውን ግን አልነበረም። ተማሪው እርሱን እንደ ጨረሰ የሚሰጠው አቡጊዳ ነበረ። አቡጊዳ እንደሚታወቀው «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎም «በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ፣ ዌ፣ ዝ፣ ሖ» ይላል። እስቲ እንመልከተው። የፊደላቱ ተራ ከ«ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ወጥቶ ወደ «አ፣ በ፣ ገ፣ ደ» ተዛውሯል፤ ድምፁም በየፊደሉ ይለወጣል፤ አንደኛው ግዕዝ፣ ሁለተኛው ካዕብ፣ ሦስተኛው ሣልስ እያለ ይሄዳል። በዚህ ገበታ ላይ «ሀሁ»ን በዜማ የያዘ ልጅ ዜማው አይረዳውም። «ጊ»ን ለማወቅ «ገ፣ ጉ፣ ጊ» ብሎ ከመሰላሉ ሥር የሚጀምር ቢሆን ወዲያው ይጋለጣል። መልኩን ያወቀ ያልፋል፤ ያላወቀ ይመለሳል። አቡጊዳ እንግዲህ ሌላ የፊደል ዝርዝር ሳይሆን ፈተና ነበረ፤ በቃል የተያዘውን ከታወቀው የሚለይ ፈተና።

ፈረንጁ የቋንቋ ሊቅ ፒተር ዳንኤልስ እ. ኤ. አ. በ1990 የእኛንና የሕንድን የመሳሰሉትን የጽሕፈት ዐይነቶች በአንድ ስም ለመጥራት ሲፈልግ «አቡጊዳ» የሚለውን ቃል ከእኛ ወስዷል። ዛሬ ቃሉ በዓለም የቋንቋ ጥናት መጻሕፍት ይገኛል። ስሙ በውጭ አገር ሲከበር ሥራው ከገዛ አገሩ የሕፃናት ክፍል መጥፋቱ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ሁለተኛም፣ የቄስ ትምህርት ቤት ጩኸት ከሩቅ ሲሰሙት አንድ ጩኸት ይመስላል እንጂ አንድ አልነበረም። አንዱ ፊደል ይቈጥራል፤ ሁለተኛው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ሦስተኛው መልእክተ ዮሐንስን፣ አራተኛው ዳዊትን ያነባል። እያንዳንዱ በየራሱ ትምህርት ይጮኻል፤ ፊደሉንም በስንጥር እየነካ ይቈጥራል። የኔታም በየተራ እየጠሩ ያደምጡታል። የኔታ ካልደረሱም የበለጠው ተማሪ ታናሹን ያስቈጥራል። በዛሬው ክፍል ግን ዐምሳውም ሕፃን አንዱን መስመር ባንድነት ይላል። ከዐምሳው ዐሥሩ ዝም ብለው አፋቸውን ቢያንቀሳቅሱ መምህርቷ ልታውቅ አትችልም። ጩኸቱ ተወረሰ፤ ማድመጡ ቀረ።

ይህን ስንል የጥንቱን ያለ ነቀፋ ማወደሳችን አይደለም። ሕፃኑ ያነብ የነበረው በማያውቀው በግዕዝ ቋንቋ ስለ ሆነ ስሜቱን ሳይረዳ ብዙ ጊዜ ያሳልፍ ነበር፤ አለንጋውም ብዙ ነበር፤ ሴቶች ልጆችም በብዛት የገቡበት አልነበረም። እነዚህ ጉድለቶች መወገዳቸው መልካም ነው። የምናዝነው ከጉድለቱ ጋራ ብልሃቱም ስለ ተጣለ ነው።

፫፤ ስለ ቁጥር

በሒሳብም ያለው ነገር ይኸው ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለው ዜማ ለቁጥር የ«ሀሁ» ወንድም ነው። ሮቼል ጌልማንና ቻርልስ ጋሊስተል እ. ኤ. አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ መቍጠር አምስት ሕጎች እንዳሉት ገልጸዋል። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ስም ብቻ መስጠት፤ የስሞቹን ተራ አለማዛነፍ፤ የመጨረሻው ስም የጠቅላላው ብዛት መሆኑን ማወቅ፤ ማንኛውም ነገር ሊቈጠር እንደሚችል መረዳት፤ ከየትም ቢጀመር ድምሩ እንደማይለወጥ መረዳት ናቸው። ከነዚህ ከአምስቱ ዜማው የሚያስተምረው አንዱን ብቻ ነው፤ ተራውን።

ካረን ዊን የተባለች ተመራማሪም እ. ኤ. አ. በ1990 ባወጣችው ጥናት ትንንሽ ልጆች የቁጥርን ስም በተራ እየጠሩ ሳሉ ይህን ያህል ስጡኝ ሲባሉ እንዲያው አፍሰው እንደሚሰጡ አሳይታለች። ይህን ማንኛችንም በቤታችን ልንፈትነው እንችላለን። እስከ መቶ በቃሉ የሚወርድን ልጅ ዐሥራ አምስት ጠጠር አቅርበን «ሰባት ጠጠር ስጠኝ» እንበለው። ዐውቆ ቈጥሮ ከሰጠ መልካም ነው። ጠጠሮቹን ቈጥሮ «ሰባት» ካለ በኋላም «ስንት ናቸው?» ብለን ብንጠይቀው መልሶ ከአንድ የሚጀምር እንደ ሆነ፣ «ሰባት» ለእርሱ የመጨረሻዋ ጠጠር ስም እንጂ የሰባቱ ሁሉ ብዛት አልሆነም ማለት ነው። እንዲህ ላለ ልጅ «3 + 4 =» ብሎ በሰሌዳ መጻፍ ቅኔ ያልገባውን ሰው ዘረፍ ማለት ነው።

በአማርኛ ቁጥር ውስጥ መምህር ሊጠቀምበት የሚችል ሀብት ሳይነካ ቀርቷል። እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ለ11ና ለ12 ከዐሥር ጋራ የማይመሳሰል ስም ማጥናት አለበት፤ የእኛ ልጅ ግን «ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት» ሲል ቃሉ ራሱ ዐሥርና አንድ፣ ዐሥርና ሁለት እያለ ይነግረዋል። ዐሥሮቹም ቢሆኑ ዘመድ አላቸው። ሠላሳ ከሦስት፣ አርባ ከአራት፣ ኀምሳ ከአምስት፣ ሰባ ከሰባት፣ ሰማንያ ከስምንት፣ ዘጠና ከዘጠኝ ጋራ ይዛመዳሉ፤ ብቻውን የቆመው ሃያ ነው። ይህን ዝምድና ለልጁ የሚያሳየው ሰው ቢኖር ብዙውን በማሰብ ያገኘው ነበር። አሁን ግን ከዘጠኝ እስከ ዘጠና ያለው ሁሉ ለእርሱ እኩል እንግዳ ስም ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከንግግር ወደ ጽሕፈት ሲያልፍ ነው። የግዕዝ ቁጥር ዐሥራ ሁለትን ፲፪ ብሎ ሲጽፍ ምላሱ እንዳለው ዐሥርንና ሁለትን ጎን ለጎን ያኖራል። 12 የሚለው ጽሕፈት ግን የ1ን ዋጋ ከቦታዋ ካልሆነ ከመልኳ አይነግርም። ስለዚህ «ዐሥራ ሁለት ጻፍ» የተባለ ልጅ 10 ጽፎ አጠገቡ 2 ቢጨምርና 102 ቢያደርገው ሞኝ አይደለም፤ የሰማውን በትክክል ጽፏል። መምህርቷ በቀይ እስክሪብቶ ብትሰርዝበት ምንም አይማርም። ዐሥር እንጨት በክር አስራ፣ ሁለት ለብቻ አስቀምጣ፣ 10 በተጻፈበት ወረቀት ዜሮ ላይ 2 የተጻፈበትን ወረቀት ብትደርብ ግን ሚስጥሩን ባንድ ቀን ሊያየው ይችላል።

የአገራችን ልጆች ከትምህርት ቤት ውጭ ይህን ሁሉ ሲያደርጉት ይውላሉ። ገበጣ የሚጫወት ልጅ በየጕድጓዱ አንዳንድ ጠጠር እየጣለ ሲሄድ አንደኛውን ሕግ በጣቱ ይፈጽማል፤ ጠጠሩ የት እንደሚያልቅም አስቀድሞ ያሰላል። ቅልልቦሽ የምትጫወት ልጅ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያደረገች ታነሣለች። ቡና ሲፈላ «ሲኒ አቅርቢ» የተባለች ሕፃን ሰዎቹንና ሲኒዎቹን ታመዛዝናለች። ይህች ልጅ በማግሥቱ አጸደ ሕፃናት ስትገባ ግን ሒሳብ ማለት ቆሞ መዝፈን ነው ትባላለች።

«አጸደ ሕፃናት» የሚለው ስም የሕፃናት የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል እ. ኤ. አ. በ1840 ለሕፃናት ትምህርት ቤቱ ካወጣው ስያሜ ነው። ፍሮበል ለሕፃናቱ ከሰጣቸው መሣሪያዎች አንዱ በ8 ትንንሽ ኩቦች የሚከፈል የእንጨት ኩብ ነበረ፤ ልጁ ሲከፍለውና ሲገጥመው ሙሉንና ክፍልፋይን በእጁ ይማራል። እኛ ስሙን ተርጕመን ወሰድን፤ በእጅ የሚዳሰሰው ነገር ግን በብዙ ክፍል ውስጥ አይገኝም።

፬፤ ጉዳቱ የሚታይበት ቦታ

በ2002 ዓ. ም. በስድስት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የንባብ ችሎታ ተፈትኖ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ በራሳቸው ቋንቋ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከመቶ 48ቱም ስለ ታሪኩ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱንም ሊመልሱ አልቻሉም። በዚያን ጊዜ አጸደ ሕፃናት የሚገባው ልጅ ጥቂት ስለ ነበር ይህ ውጤት የአጸደ ሕፃናት ጥፋት ነው ለማለት አይቻልም። የሚያሳየን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተቀምጠዋል፤ ፊደልንም በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰምተዋል። በፊደል ተራና በንባብ መካከል ያለው ገደል ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ለሕፃናት ትምህርት ትልቅ ርምጃ አድርጓል። በ2002 ዓ. ም. የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ፤ በ2003 ዓ. ም. በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ኦ ክፍል፣ ሌሎች ዜሮ ክፍል የሚሉት፣ መከፈት ጀመረ። በ2015 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት ደንግጓል። በዚህም የገበሬው ልጅ የከተማው ነጋዴ ልጅ ብቻ ያገኘው የነበረውን ዕድል እንዲያገኝ በር ተከፍቷል። የሚያሰጋን ግን ይህ ነው፤ የአንደኛ ክፍል ዜማ አንድና ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እንዲዜም ብቻ የተደረገ እንደ ሆነ፣ ልጁ ያገኘው ትርፍ ቀደም ብሎ መሰልቸት ይሆናል። የከተማው ልጅ ቤቱ መጽሐፍ ይኖረዋል፤ እናቱ ወይም ታላቅ እኅቱ ታስነብበዋለች። የኦ ክፍሉ ልጅ ግን ያለችው ይህችው አንዲት ክፍል ናት። በእርሷ ውስጥ ካልተነበበለት የሚያነብለት የለም።

፭፤ ስለ ሁለት ተቃውሞዎች

እኛ የምንለውን ከሁለት ወገን የሚቃወሙ አሉ።

የመጀመሪያዎቹ «ሕፃን እስከ ሰባት ዓመቱ መጫወት ብቻ አለበት፤ ፊደልም ቁጥርም ከአጸደ ሕፃናት ይውጣ» የሚሉ ናቸው። ማስረጃቸውም ትምህርት በሰባት ዓመት የሚጀመርባት ፊንላንድ ናት። እውነት ነው፤ ነገር ግን ፊንላንድም እ. ኤ. አ. ከ2015 ጀምሮ በስድስት ዓመት የሚጀመረውን የቅድመ አንደኛ ትምህርት ግዴታ አድርጋለች። የፊንላንድ ቋንቋ ጽሕፈት አንድ ድምፅ በአንድ ፊደል ስለሚጻፍበትና ፊደላቱም ከሠላሳ ስለማይበልጡ ሸክሙ ከ231 ጋራ አይወዳደርም። በዚያም ላይ መጽሐፍ የሌለበት ቤት በዚያ አገር ጥቂት ነው። ጨዋታንና ፊደልን እንደ ጠላት ማየትም ስሕተት ነው። ገበጣ ጨዋታም ሒሳብም ነው፤ እንቈቅልሽ ጨዋታም የቋንቋ ትምህርትም ነው። የሚጎዳው ፊደሉ ሳይሆን ያለ ትርጕም ለሰዓታት ተቀምጦ መድገሙ ነው።

ሁለተኛዎቹ መምህራን ናቸው፤ ቃላቸውም በአክብሮት ሊሰማ ይገባል። «ዐምሳ ልጅ ባንድ ክፍል ተሰጥቶን፣ መሣሪያ ሳይኖረን፣ ደመወዛችን ትንሽ ሆኖ፣ ወላጅም ልጄ እስከ ስንት ቈጠረ ብቻ እያለ ሲጠይቀን፣ ከዜማ ሌላ ምን እናድርግ?» ይላሉ። ይህ እውነተኛ አቤቱታ ነው። ዜማው ብዙ ልጆችን ባንድ ጊዜ ይይዛል፤ ለትውስታም ይረዳል፤ ፈሪውንም ልጅ ከጓደኞቹ ድምፅ ጋራ ያደፋፍረዋል። ስለዚህ ዜማው ይቅር አላልንም። የምንለው ዜማው ከዕለቱ ትምህርት ሩብ ሰዓት ይበቃዋል ነው። ከዚህ ቀጥለን የምናቀርበውም ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ብቻ ነው።

፮፤ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አቡጊዳ ይመለስ። የግድ በጥንቱ መልክ ባይሆን ግድ የለም፤ ፊደላቱን በወረቀት ቈራርጦ መበታተን ይበቃል። ከዚያም ቢቀል፣ አንዲት ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ያለባትን ካርቶን በገበታው ላይ እያንቀሳቀሱ ልጁን መጠየቅ ነው። ዜማው በዚያች ቀዳዳ አያልፍም።

ሁለተኛ፣ ጥቂት መስመሮች እንደ ታወቁ ቃል ይሰጥ። ከ«ለ»፣ «መ»፣ «ረ»፣ «ሰ»፣ «በ»፣ «ተ» እና «ነ» ቢጀመር ምን ያህል ቃል እንደሚገኝ ከዚህ በላይ አሳይተናል። ልጁ «ላም»ን ሲያነብ የሚያውቃት ላም በሐሳቡ ትምጣለት።

ሦስተኛ፣ ልጆች ሁሉ ለየብቻቸው ይደመጡ። ዐምሳ ልጆች ባሉበት ክፍል በቀን አምስት ልጆችን ብቻ ብታደምጥ መምህርቷ በዐሥር የትምህርት ቀን ሁሉንም ታዳርሳለች። የቀረውን የአንደኛ ደረጃ ታላላቅ ተማሪዎች፣ እንደ ቄስ ትምህርት ቤቱ ልማድ፣ ሊያግዙ ይችላሉ።

አራተኛ፣ ቁጥር ከእጅ ሳይለይ አይጠራ። ጠጠር፣ ባቄላ፣ ቆርኪ፣ የታሰረ እንጨት በየትም ይገኛል። እስከ መቶ በዜማ ከመውረድ እስከ ዐሥር በጠጠር መስጠትና መቀበል ይበልጣል።

አምስተኛ፣ ወላጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጥ። «እስከ ስንት ትቈጥራለህ?» ማለቱን ትቶ «አምስት ሲኒ አምጣልኝ» ይበለው፤ «ሀሁ በልልኝ» ማለቱን ትቶ በሱቅ ደጃፍ ከተጻፈው አንዲት ፊደል አመልክቶ «ይህች ማን ናት?» ይበለው። ትምህርት ቤት ወላጅ የሚያመሰግነውን ነገር ያበዛል፤ ዜማውን ያበዛውም የእኛው ጭብጨባ ነው።

በመጨረሻ ቃላችንን ወደ ጓደኞቻችን ተማሪዎችና ወደ መምህሮቻችን እናዞራለን። ከመካከላችን ብዙዎች ነገ መምህራን፣ የመምህራን አሠልጣኞችና የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች እንሆናለን። ስለ ሕፃናት ትምህርት የሚጻፉ ጥናቶች ብዙዎቹ ስንት ልጅ ገባ፣ ስንት ክፍል ተሠራ ይላሉ፤ ይህም ያስፈልጋል። ነገር ግን አንድ ወረቀት ቀድዶ፣ ዐሥር ጠጠር ይዞ፣ ባንድ ኦ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ልጆቹን አንድ በአንድ ማድመጥ ለማንኛችንም የሚቻል ጥናት ነው። ከዚያ የሚገኘው መልስ መምህርቷን ለመውቀስ ሳይሆን፣ የትኛው ልጅ ከየትኛው ፊደል ላይ እንደ ቆመ ነግሮ ለማገዝ ይውላል። ልጁ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ አንዲት ቃል ማንበብ ካቃተው በኋላ የሚደረገው ርዳታ ግን ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልጁ ራሱን ደንቆሮ ነኝ ብሎ ከደመደመ በኋላ ይመጣል።